የታጁራ ባሕረ ሰላጤ

የታጁራ ባሕረ ሰላጤ በአፍሪካ ቀንድ፣ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ምዕራባዊ ጫፍ፣ ከባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ በስተደቡብ የሚገኝ የባሕር ክፍል ነው። ዳርቻው ከሞላ ጎደል በጅቡቲ ሪፐብሊክ ግዛት ውስጥ ነው። በደቡባዊ ዳርቻው ዋና ከተማዋ ጅቡቲ፣ በሰሜናዊ ዳርቻው የታጁራና የኦቦክ ከተሞች ይገኛሉ። ወደ ምዕራብ እየጠበበ ሄዶ በጉቤት አል-ኸራብ ያበቃል። ከዚያ አልፎ ያለው የአሳል ሐይቅ በአፍሪካ አህጉር ዝቅተኛው የመሬት ክፍል ነው።

ባሕረ ሰላጤው ለኢትዮጵያ ታሪክ ቅርብ ነው። ከሸዋ የሚወርደው የሲራራ ነጋዴ መንገድ የሚያበቃው በታጁራ ነበር፤ በኋላም የባቡር ሐዲዱ መነሻ የሆነው ጅቡቲ ነው። ዛሬም ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ ጭነት የሚተላለፈው በዚህ ባሕር ዳርቻ ነው።

መልክዓ ምድር

ባሕረ ሰላጤው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው። የሰሜኑ መግቢያ በኦቦክ አጠገብ ባለው ራስ ቢር ይጀምራል። በመግቢያው አካባቢ ሙሻና ማስካሊ የሚባሉ ዝቅ ያሉ የኮራል ደሴቶች አሉ። የደቡቡ ዳርቻ በምሥራቅ በኩል ሜዳማ ሲሆን ወደ ምዕራብ ሲሄድ የአርታ ኮረብታዎች ይጀምራሉ። በሰሜን በኩል ከታጁራ ከተማ ጀርባ የጎዳ ተራሮች ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ብለው ይታያሉ። ስለዚህ ከባሕሩ ጠርዝ የተነሣ መንገደኛ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከሞቃት በረሃ ወደ ቀዝቃዛ የጥድ ደን ሊደርስ ይችላል።

በምዕራቡ ጫፍ ባሕሩ ከአንድ ኪሎ ሜትር በጠበበ መተላለፊያ አልፎ ጉቤት አል-ኸራብ ወደሚባለው የተከበበ የውኃ አካል ይገባል። ጉቤት በገደልና በጥቁር የላቫ ድንጋይ የታጠረ ሲሆን ጥልቀቱ ወደ 200 ሜትር ይጠጋል። በውስጡ ከባሕሩ ወለል በፈነዳ እሳተ ገሞራ የተፈጠሩ ደሴቶች አሉት።

የአካባቢው አየር ጠባይ ሞቃትና ደረቅ ነው። በበጋው ወራት ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይወጣል፤ ከየብስ የሚነሣ አቧራ የተሸከመ ትኩስ ነፋስም ይነፍሳል። ከኅዳር እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ለዘብ ያለ በመሆኑ አብዛኛው ጎብኚ የሚመጣው በእነዚህ ወራት ነው። ዝናብ ጥቂት ነው፤ ዓመቱን ሙሉ የሚፈስ ወንዝም የለም። ከተራሮቹ የሚወርዱት ደረቅ ሸለቆዎች ጎርፍ የሚያወርዱት አልፎ አልፎ ብቻ ነው።

አፈጣጠር

የታጁራ ባሕረ ሰላጤ የተፈጠረው የምድር ቅርፊት በመሰንጠቁ ነው። የዓረብ፣ የኑቢያና የሶማሊያ ቅርፊቶች በአፋር አካባቢ ይገናኛሉ፤ ሦስቱም ቀስ በቀስ እየተራራቁ ነው። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚጓዘው ስንጥቅ በታጁራ በኩል አልፎ በጉቤትና በአሳል መካከል ወደ የብስ ይወጣል። አብዛኛውን ጊዜ በውቅያኖስ ወለል ላይ ብቻ የሚከናወነው የአዲስ ቅርፊት አፈጣጠር እዚህ በየብስ ላይ በእግር እየሄዱ የሚታይ በመሆኑ ቦታው በሥነ ምድር ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

እ.ኤ.አ. በኅዳር 1978 ዓ.ም. በጉቤትና በአሳል መካከል የአርዱኮባ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ፍንዳታው አንድ ሳምንት ያህል ቆየ። በዚያን ወቅት በተከሰቱት የመሬት መንቀጥቀጦች የስንጥቁ ሁለት ዳርቻዎች ከአንድ ሜትር በላይ ተራራቁ። በወትሮው ፍጥነት፣ ማለትም በዓመት ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር በሚሆነው መላቀቅ፣ ይህን ያህል ለመራራቅ ከግማሽ መቶ ዓመት በላይ በወሰደ ነበር። ከዚህ የተረዳው ቅርፊቱ ለረጅም ጊዜ ውጥረት ሲያጠራቅም ቆይቶ በአንድ ጊዜ እንደሚላቀቅ ነው።

የአሳል ሐይቅ

የአሳል ሐይቅ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ ይገኛል። ከጉቤት የሚለየው ወደ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የላቫ መሬት ነው። ሐይቁ ከባሕሩ እጅግ ዝቅ ያለ ስለሆነ የባሕር ውኃ በላቫው ስንጥቆች ውስጥ ሰርጎ ወደ እርሱ ይወርዳል፤ በዳርቻው ከሚገኙት ፍልውኃዎች ከፊሉ የዚሁ ውኃ ውጤት ናቸው። ሐይቁ መውጫ የለውም። የገባው ውኃ በጸሐዩ ሙቀት ይተንና ጨው ብቻ ይቀራል። በዚህ የተነሣ የሐይቁ ጨዋማነት ከውቅያኖስ ውኃ አሥር እጥፍ ያህል ነው፤ በአንድ ሊትር ውኃ ውስጥ ከ300 ግራም በላይ ጨው አለ።

በሐይቁ ሰሜናዊ ምዕራብ በኩል ሰፊ ነጭ የጨው ሜዳ ተዘርግቷል። የአፋር ነጋዴዎች ከዚህ ጨው እየቆረጡና እየዛቁ፣ በግመል ጭነው ወደ አውሳ፣ ወደ ይፋትና ወደ ሸዋ ገበያዎች ይወስዱ ነበር፤ ሲመለሱም ማሽላና ሌላ እህል ይዘው ይወርዱ ነበር። የጭነት መኪና ከመጣ በኋላ ሲራራው እጅግ ቀንሷል። በማዕበል እየተንከባለሉ ክብ ቅርጽ የያዙ ነጭ የጨው ድንጋዮች ዛሬ ለጎብኚዎች በማስታወሻነት ይሸጣሉ።

የሥነ ምድር ተመራማሪዎች እንደሚሉት መላቀቁ ከቀጠለ፣ በሩቅ ዘመን የላቫው ግድብ ተሰብሮ ባሕሩ ወደ አሳል፣ ከዚያም ወደ አፋር ዝቅተኛ ቦታ ሊገባ ይችላል። ይህ የሚቆጠረው ግን በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ነው።

አፈ ታሪክ

የጅቡቲ ስም አመጣጥ በሕዝቡ ዘንድ በተለያየ መንገድ ይተረካል። በኢሳ ሶማሌዎች በሚነገረው ተረት መሠረት በአካባቢው ቡቲ የምትባል ሰው በላ አውሬ ትኖር ነበር፤ ሰዎች ተባብረው ድል ካደረጓት በኋላ ቦታው ቡቲ የተሰበረችበት ማለት የሆነውን ስም አገኘ። ሌላው ትርጓሜ ስሙን ከአፋርኛ ጋር ያያይዘዋል፤ በዚህ መሠረት ገቡቲ ማለት ከዘንባባ ቅጠል የሚሠራ ምንጣፍ ነው። የታጁራ ስምም ውኃ ከሚቀዳበት የቆዳ ስልቻ ስያሜ የመጣ ነው የሚል ትርጓሜ አለ፤ ይህም ቦታው የመጠጥ ውኃ ጉድጓድ የማያጣ ከመሆኑ ጋር ይያያዛል።

ከሁሉ ይበልጥ አፈ ታሪክ የበዛበት ቦታ ጉቤት አል-ኸራብ ነው። ስሙ ዓረብኛ ሲሆን ኸራብ ማለት ጥፋት፣ ፍርስራሽ ማለት ነው። በመካከሉ ያለውን ትልቁን ደሴት አፋሮች ጊኒ ኮማ ይሉታል፤ ትርጉሙ የጋኔን ኮረብታ ነው። ፈረንሳዮችም ይህንኑ ተከትለው የሰይጣን ደሴት ብለውታል። የድሮ ዓሣ አጥማጆች ሌሊት በጉቤት ላይ መቆየትን ይፈሩ እንደነበር፣ ከጥልቁ የሚወጣ ግዙፍ አውሬ አለ ተብሎም እንደሚታመን ይነገራል።

በ20ኛው መቶ ዘመን በዚህ ላይ አንድ አዲስ ታሪክ ተጨመረ። ፈረንሳዊው የባሕር ተመራማሪ ዣክ ኩስቶ ወደ ጉቤት መጥቶ በብረት ፍርግርግ ውስጥ ሥጋ አስሮ ወደ ጥልቁ እንዳወረደ፣ ፍርግርጉ ሲወጣ ግን ተጨፍልቆ እንደተገኘ፣ ተመራማሪውም ዓለም ይህን ለማየት አልተዘጋጀም ብሎ እንደሄደ ይወራል። የታሰረው እንስሳ በአንዱ ተራኪ ግመል፣ በሌላው ፍየል ነው። ታሪኩ በጅቡቲ በሰፊው ይወራ እንጂ ማስረጃ የለውም።

የፍርሃቱ ምክንያት ግን ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም። ባሕሩ በሚሞላበትና በሚሸሽበት ጊዜ ብዙ ውኃ በጠባቡ መተላለፊያ ውስጥ በአንድ ጊዜ ያልፋል። በዚህም ብርቱ ጅረትና አዙሪት ይፈጠራል፤ ነፋሱ በተቃራኒው ሲነፍስ ውኃው የሚፈላ ይመስላል። በሸራ ብቻ ለምትጓዝ ትንሽ ጀልባ መተላለፊያው በእርግጥ አደገኛ ነበር። ከዚህ በተጨማሪ በየዓመቱ ወደ አካባቢው የሚመጡት ትልልቅ ዓሦች ከጀልባ ሥር እንደ ጥቁር ጥላ ሲያልፉ ለማያውቃቸው የሚያስፈሩ ናቸው።

ታሪክ

ታጁራ በጅቡቲ ካሉት ከተሞች እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት አንዷ ስትሆን የአፋር ሱልጣኔት መቀመጫ ናት። የሱልጣኑ ማዕረግ ደርደር ይባላል። ሥልጣኑ በሁለት ቤተሰቦች መካከል ይፈራረቃል፤ ሱልጣኑ ሲሞት ከሌላው ቤተሰብ የሆነው ወዚር ይነግሣል፣ አዲሱ ወዚር ደግሞ ከሟቹ ወገን ይመረጣል። ይህ ሥርዓት ሁለቱም ወገኖች ከሥልጣን እንዳይርቁ ያደረገ ነው።

በ19ኛው መቶ ዘመን ታጁራ የሸዋ ዋና የባሕር በር ነበረች። ጨው፣ የዝሆን ጥርስ፣ ቡናና ሌላም ሸቀጥ በዚያ ያልፍ ነበር። ከእነዚህ ጋር ከኢትዮጵያ ውስጥ የተማረኩ ወንዶች፣ ሴቶችና ሕፃናት በባርነት ተሸጠው ወደ ዓረቢያ የተሻገሩትም በዚሁ ወደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1839 ሚስዮናውያኑ ዮሐን ክራፕፍና ካርል ኢዘንበርግ፣ በ1841 ደግሞ በሻለቃ ዊልያም ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ መልእክተኛ ቡድን ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት የተጓዙት ከታጁራ ተነሥተው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1840 እንግሊዞች ከታጁራ ሱልጣን ጋር ተዋውለው የሙሻ ደሴቶችን ወሰዱ፤ የተከፈለው ዋጋ አሥር ጆንያ ሩዝ ነበር። ፈረንሳይ በበኩሏ በ1862 ኦቦክን በ10,000 የማርያ ቴሬዛ ብር ገዛች። በ1875 ግብፆች ታጁራን ያዙ። በግብፅ አገልግሎት የነበረው ስዊዘርላንዳዊ ቨርነር ሙንዚንገር በዚያው ዓመት ከታጁራ ወደ አውሳ ጦር ይዞ ሲጓዝ በአፋሮች ተገደለ። ግብፆች ከለቀቁ በኋላ፣ በ1884፣ ፈረንሳይ ታጁራን በጥበቃዋ ሥር አደረገች።

በዚህ ጊዜ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ የጦር መሣሪያ የሚገዙት በኦቦክና በታጁራ በኩል ነበር። በልጅነቱ ግጥም ጽፎ የተወው ፈረንሳዊ አርቱር ራምቦ ከ1885 መጨረሻ ጀምሮ በታጁራ ተቀምጦ ወደ 2,000 የሚጠጉ ጠመንጃዎች ለምኒልክ ለማድረስ ግመል ሲጠብቅ ቆየ። የንግድ ሸሪኩ በመካከሉ ሞተበት። በጥቅምት 1886 ጉዞ ጀምሮ፣ በአሳል በኩል አልፎ፣ በየካቲት 1887 አንኮበር ደረሰ፤ ንጉሡ ግን እንጦጦ ስለነበሩ ወደዚያ መሄድ ነበረበት። ከሟቹ ሸሪኩ ዕዳ የተነሣ የጠበቀውን ትርፍ አላገኘም።

የፈረንሳዩ ገዥ ሌዮንስ ላጋርድ እ.ኤ.አ. ከ1888 ጀምሮ በደቡቡ ዳርቻ የጅቡቲን ከተማ ቆረቆረ። የጅቡቲ መልሕቅ መጣያ ከኦቦክ የተሻለ የተጠለለ ነበር፤ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድም ለግመል የሚመች ነበር። የባቡር ሐዲዱ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ። ከዚያ በኋላ የታጁራና የኦቦክ ንግድ ተዳከመ። አገሪቱ ሰኔ 27 ቀን 1977 እ.ኤ.አ. ነፃነቷን አወጀች። ከ1991 እስከ 1994 በመንግሥትና በአፋር ታጣቂዎች መካከል የተደረገው ጦርነት በይበልጥ የጎዳው ይህንኑ የሰሜን ዳርቻ ነው።

ዕፅዋትና እንስሳት

በባሕረ ሰላጤው ውስጥ የኮራል ቋጥኞች፣ የባሕር ኤሊዎች፣ ዶልፊኖችና ብዙ ዓይነት ዓሦች አሉ። በሙሻ ደሴት ሥሮቻቸው በጨዋማ ውኃ ውስጥ የሚበቅሉ የማንግሮቭ ዛፎች ይገኛሉ፤ እነዚህም ለዓሣ ጫጩቶች መጠለያ ናቸው።

አካባቢው በይበልጥ የታወቀው በዌል ሻርክ ነው። ዌል ሻርክ ከዓሦች ሁሉ ትልቁ ሲሆን የሚመገበው በውኃ ላይ የሚንሳፈፉ ጥቃቅን ሕያዋንን ነው፤ ሰውን አይጎዳም። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነፋሱ ከሥር የሚያወጣው ውኃ ምግብ ስለሚያበዛ ዌል ሻርኮች በአርታ ዳርቻና በጉቤት መግቢያ አካባቢ ይሰበሰባሉ። የሚታዩት አብዛኞቹ ገና ያላደጉ፣ ከ3 እስከ 5 ሜትር ርዝመት ያላቸው ወንዶች ናቸው። ወደ ውኃው ገጽ ቀርበው ስለሚመገቡ የጀልባ ሞተር ብዙዎቹን ያቆስላቸዋል፤ ስለዚህ ጀልባዎች በዝግታ እንዲቀርቡ ይመከራል።

በጎዳ ተራሮች ላይ የሚገኘው የዳይ ደን በበረሃው መካከል የቀረ የጥንት የጥድ ደን ነው። በድርቅ፣ በከብት ግጦሽና በዛፍ በሽታ ምክንያት ከደኑ ብዙው ጠፍቷል፤ የደረቁ የጥድ ግንዶች እስከ ዛሬ ቆመው ይታያሉ። በዓለም ላይ በጅቡቲ ብቻ የሚገኘው የጅቡቲ ቆቅ የሚኖረው በዋናነት በዚህ ደን ሲሆን፣ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡ አዕዋፍ መካከል ተመዝግቧል። በባንኩዋሌ ሸለቆ ደግሞ በአፍሪካ ቀንድና በየመን በጥቂት ቦታዎች ብቻ የሚበቅል ብርቅ የዘንባባ ዓይነት አለ።

የሚጎበኙ ቦታዎች

የታጁራ ከተማ፦ በነጭ ቀለም በተቀቡ ቤቶቿና በሰባት መስጊዶቿ ትታወቃለች። ከጅቡቲ በመኪና ጉቤትን ዞሮ ወይም በመርከብ ባሕሩን አቋርጦ መድረስ ይቻላል። ከከተማዋ አቅራቢያ ነጭ አሸዋ ያለው የመዋኛ ዳርቻ አለ።

ሙሻና ማስካሊ፦ ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ የሚደረስባቸው ደሴቶች ናቸው። ኮራል ለማየት ለሚጠልቁና ለሚዋኙ ሰዎች ይመቻሉ።

ጉቤትና የአሳል ሐይቅ፦ በአንድ ቀን ጉዞ አብረው ሊጎበኙ ይችላሉ። በመካከላቸው የአርዱኮባ እሳተ ገሞራና የተሰነጠቀው መሬት ይታያል። በአሳል ዳር ጥላ የሚሰጥ ዛፍም የሚጠጣ ውኃም የለም፤ ጎብኚ በቂ ውኃ መያዝና ከጨው ስለት የሚከላከል ጫማ ማድረግ አለበት።

አርታ፦ ከጅቡቲ ከተማ በስተምዕራብ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በኮረብታ ላይ የምትገኝ ቀዝቀዝ ያለች ከተማ ናት። ከሥሯ ያለው ዳርቻ ዌል ሻርክ ለማየት ለሚሄዱ ሰዎች መነሻ ነው።

የጎዳ ተራሮች፦ ጎብኚዎች በአፋር ባህላዊ ጎጆ የሚያድሩባቸው መንደሮች አሉ። ወደ ዳይ ደንና ወደ ባንኩዋሌ በእግር መሄድ ይቻላል።

ኦቦክ፦ የቀድሞው የፈረንሳይ ቅኝ ግዛት የመጀመሪያ መቀመጫ ናት። ከ1911 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቀይ ባሕር አካባቢ በዕንቁ፣ በጦር መሣሪያና በሐሺሽ ንግድ የታወቀው ጸሐፊ አንሪ ደ ሞንፍሬድ ኖሮባታል። ከከተማዋ አጠገብ የቀድሞ ፈረንሳውያን መርከበኞች መቃብር አለ።

ኢኮኖሚ

የባሕረ ሰላጤው ዋና ሀብት ወደብ ነው። በጅቡቲ ከተማና በዶራሌ የሚገኙት ወደቦች የኢትዮጵያን ኮንቴይነር፣ ነዳጅ፣ እህልና ማዳበሪያ ያስተናግዳሉ። ከ2016 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የተመረቀው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባቡር አዲስ አበባን ከዶራሌ ጋር ያገናኛል። በ2017 በታጁራ አዲስ ወደብ ተከፈተ፤ ከታሰበለት ዓላማ አንዱ ከኢትዮጵያ አፋር የሚወጣውን ፖታሽ ማስተላለፍ ነው። በጉቤት ዳርም የአሳልን ጨው የሚጭን ወደብ ተሠርቷል። በ2023 በጉቤት አጠገብ ወደ 60 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የነፋስ ኃይል ጣቢያ ሥራ ጀመረ።

ግንኙነቱ በአንድ ወገን ብቻ አይደለም። ጅቡቲ ከ2011 ጀምሮ ከኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ ኃይል ትገዛለች፤ ከሶማሌ ክልል ከሚገኘው ሐደጋላ የተዘረጋ ቧንቧ የመጠጥ ውኃ ያደርሳል። አትክልት፣ ፍራፍሬና ጫትም በየቀኑ ከድሬዳዋና ከሐረርጌ ይገባል። በጅቡቲ ገበያዎችና በጭነት መኪና ማቆሚያዎች አማርኛ የተለመደ ቋንቋ ነው።

የስደት መንገድ

የሰሜኑ ዳርቻ ከአፍሪካ ቀንድ ወደ የመንና ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለሚሻገሩ ስደተኞች ዋና መውጫ ነው። አብዛኞቹ ከኦሮሚያ፣ ከአማራና ከትግራይ የሚነሡ ወጣት ኢትዮጵያውያን ናቸው። ድንበሩን ከተሻገሩ በኋላ ብዙዎቹ በእግር በአሳል ሐይቅ፣ በታጁራና በዳርቻው መንገድ ወደ ኦቦክ ይጓዛሉ። በዚህ ጉዞ በጥማትና በሙቀት የሚሞቱ አሉ፤ በመንገዱ ዳር በድንጋይ የተከለሉ መቃብሮች ይታያሉ።

ከኦቦክ በስተሰሜን ባሉት ዳርቻዎች ደላሎች ከአቅማቸው በላይ በተጫኑ ጀልባዎች ያሻግሯቸዋል። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 መጨረሻ በጎዶሪያ አጠገብ ሁለት ጀልባዎች ተገልብጠው ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በሚያዝያ 2021 ከየመን ይመለሱ የነበሩ ስደተኞችን የጫነች ጀልባ ተገልብጣ ቢያንስ 42 ሰዎች አለቁ። በ2024ም ተመሳሳይ አደጋዎች ደርሰዋል። ዓለም አቀፉ የስደተኞች ድርጅት በኦቦክ ባቋቋመው ማዕከል ለታመሙና ወደ አገራቸው መመለስ ለሚፈልጉ ስደተኞች እርዳታ ይሰጣል። በዚያችው ከተማ ከ2015 ጀምሮ የየመንን ጦርነት ሸሽተው በተቃራኒው አቅጣጫ የተሻገሩ የመናውያን የሚኖሩበት የመርከዚ መጠለያ ይገኛል።